«እማማን ማን ይረዳታል?» አልበላ ያለች ልጅ፣ የሥዕል መጽሐፍና የእሁድ አምባሻ



«ዶክተር፣ ልጄ ምግብ አይበላልኝም። እባክህ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ጻፍልኝ።» በውስጥ መስመር በብዛት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው። ክሊኒክ ውስጥም እንደዚሁ። ዛሬ ግን የሽሮፕ ስም አልነግራችሁም። የእህቴን ልጅ፣ የምትወደውን የሥዕል መጽሐፍና የግማሽ ኪሎ ዱቄት ታሪክ ነው የማጫውታችሁ። በመሐሉ እኔ ራሴ ያጠፋሁት ጥፋት አለ፤ እሱንም አልደብቃችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

የእህቴ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምንላት። እህቴና ባሏ ሥራ ስለሚውሉ ቀኑን የምታሳልፈው ከእናቴ ጋር ነው። የምሳ ሰዓት የጭቅጭቅ ሰዓት ነበር። ስልክ ካልተከፈተላት አፏን አትከፍትም። ሲከፈትላት ደሞ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ምን እንደምትውጥ እንኳ አታውቅም። እናቴ ጉርሻ ይዛ ከኋላ ከኋላዋ ትላለች። እህቴ ደሞ «ሐኪም ወንድም እያለኝ ለልጄ ሽሮፕ አጣሁ» እያለች ትነዘንዘኛለች።

መጀመሪያ ያደረግኩት ለማንኛውም ልጅ የማደርገውን ነው። ክብደቷንና ቁመቷን ለካሁና የእድገት ሰንጠረዥ ላይ አስቀመጥኩት። መስመሯን ጠብቃ እያደገች ነው። ተቅማጥ የለም፣ ትውከት የለም፣ ፊቷ አልገረጣም። ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ነው የምትውለው። ባጭሩ ሚጡ አልታመመችም።

እዚህ ጋ ብዙ ወላጆችን የሚያሳስት ነገር አለ። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱን ወደ ሦስት እጥፍ ያሳድጋል። 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ ዓመት ሲሞላው 9 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ብቻ ነው። እድገቱ ረጋ ሲል ፍላጎቱም ረጋ ይላል። በዚያ ላይ ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ብዙ ልጆች የማያውቁትን ምግብ ይፈራሉ። ይሄ ጥጋብ ወይም ብልግና አይደለም፤ የእድሜው ጠባይ ነው። አንድን አዲስ ምግብ ለመቀበል አንዳንዱ ልጅ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ማየት፣ ማሽተትና መንካት ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ ግን ሁለቴ ሞክረን «እሱ እኮ ካሮት አይወድም» ብለን ፋይሉን እንዘጋዋለን።

ቀይዋ ዶሮ

ሚጡ ከመጽሐፎቿ ሁሉ አስበልጣ የምትወደው አንድ የሥዕል መጽሐፍ አላት። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ሥዕሉን እያሳየኋት በአማርኛ እተርክላታለሁ። የትንሿ ቀይ ዶሮ የድሮ ተረት ነው። ዶሮዋ የስንዴ ፍሬ ታገኛለች። ስትዘራ፣ ስታጭድ፣ ስታስፈጭ፣ ስታቦካ እንዲያግዟት ጓደኞቿን በየተራ ትጠይቃለች። ድመቱም፣ ውሻውም፣ አይጧም እምቢ ይሏታል። ዳቦው ሲሸት ግን ሁሉም ከች ይላሉ። ዶሮዋም ያላገዘኝ አይቀምሳትም ብላ ከጫጩቶቿ ጋር ትበላዋለች።

አንድ እሁድ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ እሱኑ መጽሐፍ ስናይ ሚጡ ጣቷን ዶሮዋ ላይ አድርጋ «አጎቴ፣ እኛ ቤት ዶሮዋ እማማ ናት አይደል?» አለችኝ። እማማ የምትለው እናቴን ነው። እናቴ በዚያ ሰዓት ማጀት ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«አዎ» አልኳት ሳላስብ።

«ታዲያ እማማን ማን ይረዳታል?»

እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜያለሁ። አባቷ ኳስ እያየ ነው። አባቴ ጋዜጣውን ዘርግቷል። ምን ልበላት? ድመቱ እኔ ነኝ፣ ውሻው አባትሽ ነው ልበላት?

ያን ቀን ሳስበው የእኛ ቤት ነገር ከተረቱ የተገላቢጦሽ መሆኑ ገባኝ። ዶሮዋ እርዳታ ለምና ነው ያጣችው። እኛ ግን ልጆችን «ከማጀት ውጡ! ትቃጠላላችሁ! ታቆሽሹብኛላችሁ!» ብለን እናባርራለን። ከዚያ ሲሠራ ያላዩትን፣ በእጃቸው ያልነኩትን ምግብ አቅርበን «ብላ! ጉረስ! ዋጥ አድርጋት!» እንላለን። ልጁ ከምግቡ ጋር የሚተዋወቀው አፉ ውስጥ ሲገባ ነው። ወንድ ከሆነማ ጭራሽ «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?» ይባላል። እኔ ራሴ ከሕክምና ትምህርት ቤት ስመረቅ እንቁላል ከመጥበስ ያለፈ ሙያ አልነበረኝም።

«በይ ተነሺ፣ እኛ እንርዳታ» አልኳት። አምባሻ ልንጋግር ወሰንን።

መጋገር ለልጅ ምን ይጠቅመዋል?

1. ሳይገደድ ከምግብ ጋር ይተዋወቃል። ዱቄቱን ሲነካ፣ ጥቁር አዝሙዱን ሲያሸት፣ ሊጡን ሲያሽ ማንም «ብላ» አይለውም። ምግብ ዝግጅት ላይ የሚሳተፉ ልጆች አዲስ ነገር ለመቅመስ ይበልጥ ፈቃደኛ እንደሚሆኑ ጥናቶችም ያሳያሉ። ሰው የራሱን ሥራ ለመቅመስ ይጓጓል፤ ልጅም ሰው ነው።

2. እጁና ጣቱ ይጠነክራል። ማሸት፣ ማድቦልቦል፣ በሹካ መውጋት እርሳስ ለመያዝና ቁልፍ ለመቆለፍ የሚያስፈልጉትን ትንንሽ ጡንቻዎች ያሠራል።

3. ቋንቋና ቁጥር ይማራል። «ስንት ማንኪያ ጨመርን?» «ሊጡ ምን ሆነ?» «ዶሮዋ አሁን ምን ላይ ደረሰች?» መጽሐፉ ላይ ያየውን በእጁ ሲሠራው ቃሉ አይጠፋበትም። ስታነቡለትም ዝም ብላችሁ አትውረዱት፤ ቆም እያላችሁ ጠይቁት፣ እሱም ይጠይቃችሁ።

4. መጠበቅ ይማራል። ሊጥ ኩፍ እስኪል አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስልክ ላይ እንደሚያየው ቪዲዮ አይዘለልም።

5. ከስክሪን ያርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት ባይቀመጡ፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ጭራሽ አይመከርም።

የእኔ ጥፋት

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የመጀመሪያው እሁድ ሁሉም ነገር አምሮልን ነበር። ሚጡ ዱቄቱን ነፋች፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ቢቀርም። ሊጡን አሸች። በሹካ እየወጋች የራሷን «አበባ» ሠራችበት። እናቴ ምጣዱ ላይ አስቀምጣ ከደነችው። እኔ ታዲያ «ይሄን ለገጻችን ብቀርጸው እኮ ያምራል» አልኩና ስልኬን አወጣሁ።

ካሜራውን ሳስተካክል ሚጡ አበባዋ ምን ላይ እንደደረሰ ልታይ በርጩማዋ ላይ ወጥታ የምጣዱን ክዳን ገለጥ አደረገችው። እንፋሎቱ ሁለት ጣቶቿን ገረፋት። የእሷ ጩኸትና የእናቴ «እኔን!» ማለት አንድ ሆነ። አጠገቧ የቆምኩት ሐኪሙ ነኝ። ዓይኔ ግን ስልኬ ላይ ነበር።

ሚጡን ስልክ እያየች ነው የምትበላው ብዬ ስንት ጊዜ የወቀስኩ ሰውዬ!

እናቴ ሮጣ የጥርስ ሳሙና ይዛ መጣች። እንዳትቀባ ለመንኳት። የቧንቧ ውሃ ያን ቀን ስላልነበረ ከበርሜሉ በጆግ እየቀዳን ጣቶቿ ላይ ቀስ እያልን ለ20 ደቂቃ አፈሰስንባቸው። ደግነቱ ቆዳው ከመቅላት አላለፈም፤ ውሃም አልቋጠረም። በማግስቱ ረስታዋለች። እኔ ግን አልረሳሁትም።

ቃጠሎ ሲደርስ ምን እናድርግ?

* ልጁን ከሙቀቱ አርቁ። ኤሌክትሪክ ከያዘው ግን ከመንካታችሁ በፊት ቆጣሪውን አጥፉ።
* ወዲያውኑ የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቀዝ ባለ፣ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። ሰዓት ያዙ፤ 20 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ውሃ ከሌለ በጆግ አፍስሱ። በረዶ አታድርጉበት።
* ውሃው የሚፈሰው ቁስሉ ላይ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍኑት።
* ቀለበት፣ አምባር፣ ልብስ ካለ ሳያብጥ አውልቁ። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አትጎትቱ።
* የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ ቡና፣ ማር አትቀቡ። ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ጀርም ያስገባሉ፣ ሐኪሙም ቁስሉን በደንብ እንዳያይ ያደርጋሉ።
* ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን አድርጉት።
* ከልጁ መዳፍ የሚበልጥ ቃጠሎ፣ ውሃ የቋጠረ ወይም የነጣ ቆዳ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ የደረሰ ቃጠሎ፣ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ቃጠሎ፣ እንዲሁም ከዓመት በታች ሕፃን ላይ የደረሰ ቃጠሎ ካለ ሳትዘገዩ ጤና ተቋም ሂዱ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የወጡ ሕጎች

1. እሳትና ምጣድ የአዋቂ ብቻ ነው። ወለሉ ላይ በፕላስተር መስመር አሰመርን፤ ምጣዱ ሲሞቅ ሚጡ ከመስመሩ አታልፍም። በርጩማም ወደዚያ አይጠጋም። የምጣዱ ገመድ ልጅ ከሚደርስበት፣ እርጥብ እጅም ከሚነካው ይራቅ። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት፤ የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል።

2. ስልክ ሳሎን ይቀራል። ፎቶ የሚነሳው ዳቦው ወጥቶ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ ነው።

3. እጅ በሳሙና ለ20 ሰከንድ ይታጠባል፣ ከመጀመራችን በፊትም ከጨረስንም በኋላ። ጥፍር አስቀድሞ ይቆረጣል።

4. ጥሬ ሊጥ አይቀመስም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዱቄት ደረቅና ነጭ ስለሆነ ንጹሕ ይመስለናል። ነገር ግን ስንዴው ማሳ ላይ እያለ ከእንስሳት ዓይነ ምድር ጀርም ሊነካው ይችላል፤ ወፍጮ ደሞ ስንዴውን ይፈጨዋል እንጂ ጀርሙን አይገድለውም። የሚገድለው እሳት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 በዱቄት ሰበብ የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ተነስቶ በበርካታ ግዛቶች ሰዎች ታመው ነበር። አንዳንዱ የኢ. ኮላይ ዓይነት ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ኩላሊት እስከ መጉዳት ይደርሳል። ጥሬ እንቁላል ያለበት የኬክ ሊጥ ከሆነ ደሞ ሳልሞኔላ ይጨመርበታል። ስለዚህ ሳህን አስልሶ ማባበል ይቅር።

5. ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም፤ ዳቦ ውስጥ ገብቶ የተጋገረም ቢሆን። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ጀርም ዘር ሙቀትን ይቋቋማል። ለትንንሽ ልጆች ለውዝና ቆሎ በፍሬው አትስጡ፤ ትንታ ያስከትላል። ለውዝ ከፈለጋችሁ አልሞ የተፈጨ ይሁን።

የሚጡ አምባሻ

የሚያስፈልገን፦ ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት (ከፈለጋችሁ ሩቡን ባልተነፋ የስንዴ ዱቄት ተኩት፣ ለሆድ ድርቀት ይረዳል)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ደረቅ እርሾ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቆንጠር ያለ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ መካከለኛ ካሮት በደቃቁ የተፈቀፈቀ፣ ለብ ያለ ውሃ አንድ ኩባያ ያህል፤ ሊጡን እያያችሁ ጨምሩ።

ስኳሩን እንዳታበዙት። ልጆች ከጨቅላነታቸው ጣፋጭ ብቻ ከለመዱ ሌላው ሁሉ ይጎመዝዛቸዋል፤ ጥርሳቸውም አይተርፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ሰጪ ምግብ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ ይመክራል።

ሥራው እንደ እድሜው ይከፋፈላል፦

* ከ2 እስከ 3 ዓመት፦ ዱቄት በማንኪያ መጨመር፣ ካሮት ማጠብ፣ ሊጡን በእጅ መደብደብ (ይሄን በደስታ ነው የሚሠሩት)።
* ከ4 እስከ 5 ዓመት፦ መንፋት፣ መለካት፣ ማሸት፣ በሹካ ማስጌጥ።
* ከ6 ዓመት በላይ፦ ሊጡን በመዳመጫ መዳመጥ፣ ሰዓት መያዝ፣ የሚያስፈልገውን ዝርዝር ማንበብ። በዚህ እድሜም ምጣዱ የአዋቂ ነው።

ደረቁን ሁሉ ደባልቁ። ካሮቱን፣ ዘይቱንና ውሃውን ጨምራችሁ እጅ እስኪለቅ ድረስ 10 ደቂቃ ያህል እሹት። ክደኑትና ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀምጡት፤ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ኩፍ ይላል። ክረምት ከሆነ ይቆያል፣ አትቸኩሉ። መጽሐፉ የሚነበበው በዚህ ሰዓት ነው። ከዚያ ሁለት ጣት ውፍረት አድርጋችሁ ዳምጡት፣ ልጁ ያስጊጠው፣ በመካከለኛ ሙቀት ከድናችሁ እያገላበጣችሁ ጋግሩት። እንደ ምጣዱ ሙቀት እያንዳንዱ ገጽ 10 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። መሐሉ ላይ ንጹሕ ቢላ ሰክታችሁ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። ክዳኑን ስትከፍቱ እንፋሎቱ ወደ ማንም ፊት እንዳይሄድ ወደ ውጪ አዘንብሉት። ለልጅ የሚሰጠው ለብ ሲል ነው።

ምን አትጠብቁ?

ተአምር አትጠብቁ። ሚጡ ጎመን ዛሬም አትነካም። ግን ካሮት «አልወድም» ስትል የኖረች ልጅ ራሷ አጥባ የጨመረችውን ካሮት አምባሻው ውስጥ እየፈለገች ትበላለች። ስልኩም ከገበታ ተነስቷል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ለቅሶ ነበር፣ አልፏል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ወላጆችን የምትመክረው ቀላል የሥራ ክፍፍል አለ። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው። ከቀረበው ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። ለእኛ ለጉርሻ ሕዝብ ይሄ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ግን ሸሽቶ ለሚሮጥ ልጅ አፍ የሚገፋ ጉርሻ ፍቅርነቱ ይቀራል።

ደሞ አደራ! «የእድሜው ነው» ብላችሁ በሽታ እንዳታሳልፉ። ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ለወራት ካልጨመረ፣ ሲውጥ ካመመው ወይም ቶሎ ቶሎ ትን ካለው፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከደጋገመው፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ከገረጣና ከደከመው፣ አፈር ወይም ኖራ የሚበላ ከሆነ (የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል)፣ ወይም ዳቦና የስንዴ ምግብ በበላ ቁጥር ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠው ከሆነ ሐኪም ይየው። ሽሮፕ ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ፤ አንዳንዱ ልጁን ከማስተኛት ያለፈ ጥቅም የለውም፣ ዋናውን በሽታም ይደብቃል።

ባለፈው እሁድ

ባለፈው እሁድ አምባሻው ወጥቶ ለብ ሲል ሚጡ ራሷ ልታድል ተነሳች። ግን ለማንም ዝም ብላ አልሰጠችም። እንደ ዶሮዋ ነው የሆነችው፤ በየተራ «አንተ ምን ሠራህ?» እያለች ትጠይቃለች።

አባቴ «ዱቄቱን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለ፤ ተሰጠው። እኔ «አሽቻለሁ» አልኩ፤ ተሰጠኝ። እህቴ ካሮቱን ፈቅፍቃለች፤ ተሰጣት። አባቷ ጋ ስትደርስ ኳሱ ገና አላለቀም። አንገቱን ደፋ። ሚጡ ትንሽ አሰበችና ቁራሹን ሰጥታው «አንተ ሳህን ታጥባለህ» አለችው።

አጠበም። እናቴ ደሞ ያን ቀን መጀመሪያ የተቆረሰውን፣ አበባው ያለበትን መሐሉን ተቀብላ ተቀምጣ በላች። እኛ ቤት እናቴ ከሁሉም ፊት ስትበላ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እስቲ እናንተም በዚህ እሁድ ሞክሩት። የሥዕል መጽሐፍ ባይኖራችሁ ተረት አለ። ምጣድ ባይመቻችሁ ቂጣም ይሆናል። ስልኩን ግን ሳሎን አስቀምጡት። ልጃቸው ምግብ እምቢ ብሎ ለተጨነቁ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።